ስለ ዐይነ ስውራን መሪ ውሾችና ስለ አሠልጣኞቻቸው ሥራ

ሰው ለማዳ ካደረጋቸው እንስሳት ሁሉ ቀዳሚው ውሻ መሆኑን የጥንት ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት ይናገራሉ። በአገራችንም ውሻ በረት ይጠብቃል፤ ከእረኛ ጋራ በመስክ ይውላል፤ ሌሊትም ጅብ ወይም ሌባ ሲቀርብ ጮኾ ባለቤቱን ያነቃል። ይሁን እንጂ ለበቅሎ ገሪ ይፈለግላታል፤ ወይፈንም ከለመደ በሬ ጋራ እየተጠመደ ቀንበር ይለምዳል፤ ስለ ውሻ ትምህርት ግን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ውሻ ባጠፋ ጊዜ ጥፋቱ የውሻው ብቻ ይመስላል፤ ዱላውም በውሻው ላይ ብቻ ይወርዳል።

ውሻን ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ በሆነባቸው አገሮች ግን ነገሩ በሌላ መልክ ታውቋል። በቅሎን የሚያለምድ ሰው ገሪ እንደሚባል፥ ውሻን እያስተማረ ለሥራ የሚያበቃ ሰው አሠልጣኝ ይባላል። የአሠልጣኝ ጥቅሙ ውሻውን በማስተማሩ ብቻ አይደለም፤ የውሻውን ባለቤት ጭምር በማስተማሩ ነው። ውሻው ቢሠለጥንና ባለቤቱ ባይሠለጥን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና። ይህም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ዐይነ ስውራንን በሚመሩ ውሾች ሥራ ስለ ሆነ፥ ታሪኩና ሥርዐቱ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል። ዓመታቱም የተጻፉት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የሥራው አጀማመር

ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እጅግ ብዙ ወታደሮች በመርዝ ጢስና በመድፍ ፍንጣሪ ዐይናቸውን አጡ። በዚያን ጊዜ በጀርመን አገር ጌርሃርድ ሽታሊንግ የሚባል ሐኪም ነበረ። ይህ ሐኪም ከአንድ ዐይነ ስውር ወታደር ጋራ ሲመላለስ ሳለ በድንገት ቢጠራ፥ ውሻውን ከበሽተኛው ዘንድ ትቶ ሄደ፤ በተመለሰም ጊዜ ውሻው በሽተኛውን ሲጠብቀው አገኘው ተብሎ ይነገራል። በ1916 ዓመት በኦልደንቡርግ ከተማ ለዐይነ ስውራን መሪ የሚሆኑ ውሾች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1923 ዓመትም በፖትስዳም ሌላ ተቋቋመ።

በዚሁ ዘመን ዶሮቲ ዩስቲስ የሚባሉ አሜሪካዊት ወይዘሮ በስዊስ አገር፥ ከቬቬ ከተማ በላይ ባለው በሞን ፔልራን ተራራ ተቀምጠው፥ የጀርመን እረኛ የሚባለውን የውሻ ዘር እያራቡ ለልዩ ልዩ ሥራ ያሠለጥኑ ነበር። እርሳቸውም የፖትስዳምን ትምህርት ቤት ጎብኝተው ያዩትን ሁሉ በ1927 ዓመት በአሜሪካ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ጻፉ።

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ በቴነሲ ክፍል በናሽቪል ከተማ ለሚኖር ሞሪስ ፍራንክ ለሚባል ወጣት ተነበበለት። እርሱም በ6 ዓመቱ አንደኛውን፥ በ16 ዓመቱ ሁለተኛውን ዐይኑን ያጣ ነበር። ሰው ካልመራው በቀር ከቤቱ ለመውጣት አይችልም ነበር። በአገራችንም ዐይነ ስውር የሆኑ የቅኔና የዜማ መምህራን በተማሪ እጅ እየተመሩ ወደ ጉባኤ መሄዳቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን መሪ ልጅ የገዛ ጕዳይ አለው፤ ያድጋል፤ ይሄዳል፤ ተመሪውም ሌላ ሰው እስኪገኝለት ድረስ ከደጁ ተቀምጦ ይቀራል። ሞሪስ ፍራንክ ከዚህ ችግር ለመውጣት ስለ ፈለገ ለወይዘሮ ዩስቲስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቢረዱትም ትምህርቱን አምጥቶ ለአገሩ ዐይነ ስውራን እንደሚያካፍል ቃል ገባ።

በ1928 ዓመትም ባሕር ተሻግሮ ወደ ስዊስ አገር ሄደ። ብቻውን ለመጓዝ የማይችል ስለ ሆነ፥ በመንገድ የተጓዘው እንደ ዕቃ በአደራ ተሰጥቶ ነበር። በዚያም ጃክ ሃምፍሪ የሚባለው አሠልጣኝ ካዘጋጃት ከአንዲት ውሻ ጋራ እየተማረ ሰነበተ። ውሻይቱን በዲ ብሎ ሰየማት፤ ትርጓሜውም ጓደኛ ማለት ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኒው ዮርክ በገባ ጊዜ ጋዜጠኞች ተሰብስበው ሊፈትኑት ፈለጉ። ዌስት ስትሪት የሚባለውን፥ መኪና የማይቋረጥበትን ሰፊ መንገድ ተሻገር አሉት፤ እርሱም የውሻይቱን መታጠቂያ ይዞ ተሻገረ። ወዲያውም ለወይዘሮ ዩስቲስ፥ ተሳካ የሚል አንድ ቃል ብቻ በቴሌግራም ላከላቸው። እንደ ዕቃ የሄደው ሰው በገዛ እግሩ ተመለሰ። በጥር ወር 1929 ሁለቱ በናሽቪል ከተማ፥ የሚያይ ዐይን የሚል ትርጓሜ ያለው ማኅበር አቋቋሙ፤ ይህም ማኅበር ዛሬ በኒው ጀርሲ ክፍል በሞሪስታውን ይገኛል።

አሠልጣኙ ለውሻው የሚያደርገው

ለዚህ ሥራ የታሰበ ቡችላ በመጀመሪያ በሰው ቤት ያድጋል። አሳዳጊዎቹ ወደ ገበያና ሰው ወደሚበዛበት ስፍራ እየወሰዱ፥ ጫጫታና ግፊያ እንዳያስደነግጠው ያስለምዱታል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት ሲያልፍ ለአሠልጣኝ ይሰጣል፤ አሠልጣኙም አራት ወር ያህል ያስተምረዋል።

ትምህርቱ የቆመው በአንድ ሕግ ነው። ውሻ ሁለት ነገሮችን የሚያያይዛቸው በጊዜ እጅግ የተቀራረቡ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ መልካም ባደረገ ጊዜ በዚያው ቅጽበት ይመሰገናል ወይም ጥቂት ምግብ ይሰጠዋል፤ በሳተም ጊዜ ሥራው ወዲያው ይደገማል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ቍጣ ግን ስለ ምን እንደ መጣ ለውሻው አይገባውም።

በዚህ ሕግ እየተመራ አሠልጣኙ ውሻውን ቀስ በቀስ ያስተምረዋል። ውሻው ግትር እጀታ ያለው የቆዳ መታጠቂያ በትከሻው ላይ ታጥቆ በሰውየው በስተግራ ይሄዳል። ደረጃ ወይም የመንገድ ጠርዝ ሲያገኝ ይቆማል። ጕድጓድ፥ ድንጋይና ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ሲያገኝ ዞሮ ያልፋል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ አለ፤ ይኸውም ውሻው ራሱ በታቹ ሊያልፍበት የሚችለው የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ የሰውየውን ፊት እንደሚመታ ማወቅ ነው። ውሻው የራሱን ቁመት ትቶ የሰውየውን ቁመት መለካት መማር አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ስለ ደግ ነገር እንቢ ማለት ነው። ዐይነ ስውሩ፥ ወደ ፊት፥ ብሎ ቢያዝና መኪና እየመጣ ቢሆን፥ ውሻው ትእዛዙን ሳይፈጽም መቆም ይገባዋል። መታዘዝን ለማስተማር ዱላ የሚበቃው የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ዱላን ብቻ የሚፈራ ውሻ ግን አደጋውን እያየም ቢሆን ወደ ታዘዘበት ይሄዳል። ጌታውን ለማዳን እንቢ የሚል ውሻ የሚገኘው ሳይፈራ በማስተዋል የተማረ እንደ ሆነ ነው። ይህንንም ለመመርመር አሠልጣኙ የገዛ ዐይኑን በጨርቅ ሸፍኖ፥ ሌላ ሰው ከኋላ እየጠበቀው፥ በውሻው እየተመራ በከተማ መካከል ይሄዳል። ፈተናውን የማያልፉት ውሾች ለሌላ ሥራ ወይም ለቤት ይሰጣሉ።

አሠልጣኙ ለባለቤቱ የሚያደርገው

ብዙ ሰዎች ውሻው መንገዱን ሁሉ ዐውቆ ሰውየውን የሚወስደው ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወዴት እንደሚሄድ፥ ስንት መንገድ እንደሚሻገር፥ የት እንደሚታጠፍ የሚያውቀው ሰውየው ነው፤ ውሻው በዚያ መንገድ ያለውን ዕንቅፋት ያስቀራል። የመሻገሪያውን የቀይና የአረንጓዴ መብራት ምልክትም ውሻው እያነበበ አይመራም፤ የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ፥ አሁን እንሻገር፥ የሚለው ሰውየው ነው። እንግዲህ ሥራው የሁለት ነው፤ ሁለቱም ካልተማሩ አይፈጸምም።

ስለዚህ ዐይነ ስውሩ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ያህል በትምህርት ቤቱ እየኖረ ይማራል። ውሻ ከመሰጠቱም በፊት አሠልጣኙ መታጠቂያውን በገዛ እጁ ይዞ እንደ ውሻ እየቀደመ ይመራዋል። በዚህም የሰውየውን የእርምጃ ፍጥነት፥ የክንዱን ኀይልና የጠባዩን ሁኔታ ይመዝናል። ለፈጣን ሰው ዝግተኛ ውሻ፥ ለደካማ ክንድም ጐታች ውሻ አይሰጥምና። አንድን በሬ ከማይመጥነው በሬ ጋራ የሚያጠምድ ገበሬ እርሻው እንደማይቀና ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው።

ውሻው በተሰጠ ጊዜ ችግር ይነሣል፤ ውሻው የሚወደው አሠልጣኙን ነውና። አሠልጣኙ ሲያልፍ ዐይኑ ይከተለዋል፤ ድምፁን ሲሰማ ሥራውን ይተዋል። በዚህ ጊዜ አሠልጣኙ ራሱን ማራቅ አለበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻውን የሚያበላው፥ ጠጕሩን የሚያበጥረው፥ ወደ ደጅ የሚያወጣው አዲሱ ባለቤት ብቻ ይሆናል። አሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ከጎን፥ ቀጥሎም ጥቂት እርምጃ ከኋላ፥ በመጨረሻም በሩቁ ይከተላል። ወራት የደከመበትን ውሻ ፍቅር አውቆ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ከሙያው ሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው።

ባለቤቱም የሚማረው ብዙ አለ። ዐይነ ስውር ሰው ለረጅም ጊዜ እንዳይወድቅ ሲጠነቀቅ የኖረ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ውሻውን አያምነውም። ውሻው ሊያዞረው ሲል ወደ ኋላ ይጐትታል፤ ውሻው ሲቆምም ዕንቅፋቱን በእግሩ ሳይፈልግ ውሻውን ይቈጣል። ውሻውም ትክክል ሠርቶ ስለ ተቈጣ ግራ ይገባዋል፤ ይህ ቢደጋገም መቆሙን ይተዋል። ስለዚህ አሠልጣኙ፥ ውሻው ሲቆም አንተም ቁም፤ በእግርህ ፈልግ፤ ዕንቅፋቱንም ባገኘህ ጊዜ ወዲያው አመስግነው፥ እያለ ያስተምረዋል። ከዚህ በኋላ ሰውየው ውሻውን ማመን፥ ውሻውም የሰውየውን ቃል መጠበቅ ይለምዳል። ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ ችግር የገጠመው እንደ ሆነ አሠልጣኙ ሊጐበኘው ይሄዳል።

ከዚህ ሥራ ለመንደር የሚገኝ ትምህርት

በመንደር የውሻ አሠልጣኝ ባይገኝም የሙያው ሥርዐት ገንዘብ ስለማይጠይቅ ማንም ሰው ሊሠራበት ይችላል።

1ኛ፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአንድ ነገር አንድ ቃል ይጠቀም። አባት የከለከለውን ልጅ ሲፈቅድ ውሻው ሕግ የለውም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፥ ሰው በከፈተው ቀዳዳ ክፉ ልማድ ይገባል።

2ኛ፤ ውሻው መልካም ባደረገ ጊዜ በዚያው ቅጽበት፥ ጎሽ፥ ይባል፤ ቢቻልም ቍራሽ ይጨመርለት።

3ኛ፤ ሲጠሩት የመጣ ውሻ አይመታ። አንድ ውሻ መንጋውን ትቶ ጥንቸል ቢያባርርና እረኛው ሲጠራው ተመልሶ ቢመታ፥ የተመታው ጥንቸል በማባረሩ ሳይሆን በመመለሱ ይመስለዋል፤ በሁለተኛው ቀን ቢጠራ አይመጣም።

4ኛ፤ ቡችላ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ከሰውና ከከብት ጋራ በሰላም ይለማመድ። በዚህ ዕድሜ ድንጋይ ብቻ የተወረወረበት ቡችላ ሰውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ያድጋል።

5ኛ፤ ኀይለኛ ጠባቂ ይሁን ተብሎ ቡችላን ማስራብ፥ ማስቈጣትና ሁልጊዜ አስሮ ማኖር አይገባም። እንዲህ ያለ ውሻ ሌባን ከእንግዳ ለመለየት አልተማረምና ገመዱን በበጠሰ ቀን የሚነክሰው የጎረቤትን ልጅ ነው። ሽማግሎች የንክሻ ክርክር ሲዳኙ የውሻውን ክፋት ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን አያያዝም ቢመረምሩ፥ ክርክሩ ዳግመኛ እንዳይነሣ ይረዳል።

ይህ ነገር የሕይወትም ጕዳይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኀኒት የለውም ለማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ ውሻን በማስከተብ ግን ይከላከሉታል። ባለቤቱ ሊይዘው የማይችለው ውሻ ደግሞ ለክትባት ሊቀርብ አይችልም። በእጅ መያዝን የለመደ ውሻ ግን ያለ ችግር ይከተባል። ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቍስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ፥ ቀን ሳይቀጥሩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

መምህራን ይህን ሥርዐት ለተማሪዎች ቢያስረዱና የመንደር ሽማግሎችም በየቤታቸው ምሳሌ ሆነው ቢያሳዩ፥ ውሻው ከዱላ፥ ልጁም ከንክሻ ይድናል። የአሠልጣኝ ሥራ ፍጻሜው ከመምህር ሥራ ፍጻሜ ጋራ አንድ ነው፤ ይኸውም የተማረው ያለ እርሱ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ውሻና ባለቤቱ ተግባብተው አሠልጣኙ ያላስፈለጋቸው ቀን፥ ያን ጊዜ ሥራው በትክክል ተፈጽሟል።