ሳይቃጠል በቅጠል፦ የታብሌትን መረጃ በቅጂ ማቆየትና መልሶ መጫን

ባሕር ዳር፦ ደብተር ቢረጥብ ገጹ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ቢቀደድም ይለጠፋል። ታብሌት ግን ከታንኳ ላይ ጣና ውስጥ ቢወድቅ፣ በገበያ ግርግር ቢሰረቅ ወይም አንድ ማለዳ አልበራ ቢል በውስጡ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። የማዳበሪያ ፍላጎት የተመዘገበበት ዝርዝር፣ የነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ፎቶ፣ በሕይወት የሌለ አባት ድምፅ የተቀዳበት ፋይል ሁሉም በዚያ ቀጭን መሣሪያ ውስጥ ናቸው። መሣሪያው በገንዘብ ይተካል፤ እነዚህ ግን ቅጂ ካልተቀመጠላቸው አይተኩም።

ይህ ጽሑፍ አንድ አርሶ አደር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የከተማ ነዋሪ የአንድሮይድ ታብሌቱን መረጃ በቀላል መሣሪያ እንዴት በቅጂ እንደሚያቆይና ሲጠፋበት እንዴት መልሶ እንደሚጭን ያስረዳል። የተገለጹት መንገዶች አንድሮይድ ለሚጠቀሙ ስልኮችም ያገለግላሉ።

ታብሌት ወደ ገጠር እንዴት ገባ?

ከዓመታት በፊት ታብሌት በገጠር ብርቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም ሊካሄድ ታቅዶ የተራዘመው 4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በወረቀት ሳይሆን በታብሌት እንዲከናወን ታስቦ 180 ሺህ ያህል ታብሌቶች ተገዝተው ነበር። የጤና ሚኒስቴርም በቤተሰብ ማኅደር ወረቀት ላይ ይሰፍር የነበረውን መረጃ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት እንዲመዘግቡ የሚያስችል የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ዘርግቷል። ከዚህ ጎን ለጎን ነጋዴው፣ ተማሪውና አርሶ አደሩ በግሉ ታብሌትና ስልክ ገዝቶ ይጠቀማል።

መረጃው ከወረቀት ሲወጣ ግን የአያያዝ ልማዱ አብሮ አልተለወጠም። ብዙ ሰው መሣሪያውን ከአቧራና ከዝናብ ይጠብቃል፤ በውስጡ ያለውን መረጃ በሌላ ቦታ ስለማስቀመጥ ግን አያስብም። ስለ ቅጂ የሚያስበው ከጠፋበት በኋላ ነው፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ።

በታብሌት ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ቅጂ ከመያዝ በፊት ምን ምን እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። በታብሌት ውስጥ ያለው መረጃ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ፋይል ነው። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የተቀዳ ድምፅ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ሰነድና የመሳሰለው ሁሉ በዚህ ውስጥ ይመደባል። ይህ ለመቅዳት እጅግ ቀላሉ ነው።

ሁለተኛው የስልክ ቁጥሮች መዝገብ ነው። ቁጥሮቹ በሲም ካርድ፣ በታብሌቱ ወይም በጉግል አካውንት ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። በሲም ካርዱ ላይ ያለው ከሲሙ ጋር፣ በታብሌቱ ላይ ያለው ከታብሌቱ ጋር ይጠፋል።

ሦስተኛው መተግበሪያዎች (አፖች) በውስጣቸው የሚይዙት መረጃ ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማወቅ ይገባል። የቴሌብር ገንዘብ በታብሌቱ ውስጥ አይቀመጥም፤ መሣሪያው ቢጠፋ ሒሳቡ በድርጅቱ ዘንድ አለ። የቴሌግራም መልእክትም ከምሥጢራዊ ውይይቶች በስተቀር በኩባንያው ቋት ስለሚቀመጥ በሌላ መሣሪያ ሲገቡ ይገኛል። በመስክ ተሞልቶ ገና ያልተላከ የመጠይቅ ቅጽ ግን የሚገኘው በዚያ ታብሌት ላይ ብቻ ነው። መተግበሪያው ከታብሌቱ ከተሰረዘ ቅጹም አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ በመስክ መረጃ የሚሰበስብ ሠራተኛ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር በመጀመሪያ ሊሠራው የሚገባው የተሞሉ ቅጾችን መላክ ነው።

በኢንተርኔት ብቻ መታመን ለምን አይበቃም?

አንድሮይድ ታብሌት ራሱ በጉግል አካውንት በኩል ቅጂ የሚያስቀምጥበት መንገድ አለው። በሴቲንግ ውስጥ ባክአፕ የሚለው ሲበራ የስልክ ቁጥሮች፣ የመተግበሪያዎች ዝርዝር፣ አንዳንድ የመተግበሪያ መረጃዎችና የታብሌቱ ቅንብር ወደ ጉግል ይላካሉ። በነፃ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋ ባይት ነው። ይህ ጥሩ አገልግሎት በመሆኑ ሊበራ ይገባል።

ነገር ግን ሦስት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን አንባቢ ያስታውሳል። ሁለተኛ፣ ቪዲዮና ፎቶ መላክ ብዙ የዳታ ጥቅል ይበላል። ሦስተኛ፣ ታብሌቱ ለ57 ቀናት ጥቅም ላይ ካልዋለ ከፎቶዎች በስተቀር የተቀመጠው ቅጂ ሊጠፋ እንደሚችል ጉግል ለተጠቃሚዎቹ ያሳስባል። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ሌላ ቅጂ ያስፈልጋል።

በገመድና በፍላሽ መቅዳት

ቀላሉ መሣሪያ ብዙዎች በቤታቸው ያላቸው የቻርጀር ገመድ ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1. የታብሌቱ ባትሪ ቢያንስ ግማሽ ያህል መሙላቱን ያረጋግጡ። ቅጂው በመሐል ሲቋረጥ ፋይሉ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል።

2. ታብሌቱን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙና የስክሪኑን ቁልፍ ይክፈቱ። ታብሌቱ ሲገናኝ ብዙውን ጊዜ ባትሪ ብቻ ይሞላል። ከላይ ወደ ታች በጣት ሲስቡ ከሚመጣው ማስታወቂያ ላይ ፋይል ትራንስፈር የሚለውን ይምረጡ። ይህ ካልተመረጠ ኮምፒውተሩ ባዶ ያሳያል።

3. በኮምፒውተሩ ላይ የታብሌቱን ስም ከፍተው የፎቶ፣ የቪዲዮ፣ የድምፅና የወረዱ ሰነዶች ማኅደሮችን ይቅዱ። በኮምፒውተሩ ላይ ቀኑ የተጻፈበት አዲስ ማኅደር አዘጋጅተው እዚያ ያኑሩ። ፋይሉን ከታብሌቱ ቆርጠው አይውሰዱ፤ ኮፒ ብቻ ያድርጉ።

4. የስልክ ቁጥሮችን ለመያዝ በታብሌቱ የቁጥሮች መዝገብ ውስጥ ገብተው ኤክስፖርት የሚለውን ይምረጡ። ሁሉም ቁጥር በአንድ ትንሽ ፋይል ይጠቃለላል፤ እሱንም አብረው ይቅዱ።

5. የተቀዳውን ይፈትሹ። የፋይሎቹ ብዛትና መጠን ከታብሌቱ ጋር እኩል መሆኑን ይመልከቱ፤ ሦስት አራት ፎቶና ድምፅ ከፍተው ይሞክሩ።

ኮምፒውተር የሌለው ሰው ኦቲጂ የሚባለውን አነስተኛ መገናኛ ተጠቅሞ ፍላሽን በቀጥታ ከታብሌቱ ጋር ማገናኘትና በፋይል ማኔጀር መቅዳት ይችላል። ለዚህ ኢንተርኔትም ኮምፒውተርም አያስፈልግም።

በታብሌቱ ውስጥ የሚገባው ሚሞሪ ካርድ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ካርዱ ከታብሌቱ ሳይወጣ ከቀረ ሌባው ሁለቱንም በአንድ እጁ ይወስዳል፤ እንዲህ ያለው ቅጂ ከቅጂ አይቆጠርም። በተጨማሪም ካርዱ መጀመሪያ ሲገባ እንደ ውስጣዊ ማከማቻ እንዲያገለግል ከተመረጠ በሌላ መሣሪያ ላይ አይነበብም። ተንቀሳቃሽ ማከማቻ የሚለውን መምረጥ ይሻላል።

ኤዲቢ፦ ብዙ ታብሌት ለሚያስተዳድሩ

በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በማኅበር ብዙ ታብሌቶችን የሚያስተዳድር ባለሙያ ኤዲቢ (አንድሮይድ ዲበግ ብሪጅ) የተባለውን አነስተኛ ፕሮግራም ቢለምድ ይጠቅመዋል። ፕሮግራሙ ከጉግል በነፃ የሚወርድ ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም።

በቅድሚያ በታብሌቱ ሴቲንግ ውስጥ ስለ መሣሪያው በሚገልጸው ገጽ ላይ ቢልድ ነምበር የሚለው 7 ጊዜ ይነካል። ይህ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባለውን ገጽ ይከፍታል፤ በዚያ ውስጥ ዩኤስቢ ዲበጊንግ ይበራል። ታብሌቱ በገመድ ሲገናኝ ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ ወይ የሚል ጥያቄ በስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ምንም አይቀዳም።

ከዚያ በኋላ የሚጻፉት ትእዛዞች ጥቂት ናቸው። ፑል የተባለው ትእዛዝ ማኅደርን ከታብሌት ወደ ኮምፒውተር ይስባል፤ ፑሽ የተባለው ደግሞ ከኮምፒውተር ወደ ታብሌት ይልካል። ባክአፕና ሪስቶር የተባሉት ሁለቱ ትእዛዞች ከአንድሮይድ 4 ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ የመተግበሪያዎችን መረጃ ጭምር በአንድ ፋይል ጠቅልለው ለመያዝና ለመመለስ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ለዚያና ከዚያ በኋላ ላሉት ሥሪቶች የተዘጋጁ መተግበሪያዎች መረጃ በዚህ ትእዛዝ አይያዝም። የባንክና መሰል መተግበሪያዎችም ለጥንቃቄ ሲባል ቅጂን ሊከለክሉ ይችላሉ። ስለዚህ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በተሠሩ ታብሌቶች ላይ በፑል ፋይልን መሳብ የበለጠ ያስተማምናል።

ሥራው ሲያበቃ ዩኤስቢ ዲበጊንግን ማጥፋት ግዴታ ነው። ክፍት ሆኖ የቀረ እንደሆነ ታብሌቱ በሌላ ሰው እጅ ሲወድቅ የአደጋ በር ይሆናል።

መልሶ መጫን

ቅጂው ዋጋ የሚኖረው መረጃው ተመልሶ ሲጫን ነው። አዲስ ታብሌት ሲገዛ ወይም አሮጌው ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል።

መጀመሪያ ታብሌቱ ሲበራ በቀድሞው የጉግል አካውንት ይግቡ፤ የተቀመጠ ቅጂ ካለ እንዲመለስ ይጠየቃሉ። ይህ ጥያቄ የሚመጣው በመጀመሪያው ዝግጅት ወቅት ስለሆነ በችኮላ አይለፉት። ከዐዲስ የአንድሮይድ ሥሪት የተወሰደ ቅጂ በአሮጌ ሥሪት ላይ እንደማይመለስም ይወቁ። ቀጥሎ መተግበሪያዎችን ይጫኑ። ከዚያም በኮምፒውተር ወይም በፍላሽ የተያዙትን ማኅደሮች ወደየቦታቸው ይቅዱ። የስልክ ቁጥሮችን ፋይል በመዝገቡ ውስጥ ኢምፖርት በሚለው ያስገቡ። የዋትሳፕ መልእክት በፋይል ተይዞ ከሆነ ማኅደሩ ወደ ታብሌቱ መግባት ያለበት ዋትሳፕ ስልክ ቁጥርን ከማረጋገጡ በፊት ነው፤ የሚመለሰውም በዚያው ቀድሞ በነበረው ስልክ ቁጥር ነው።

ብዙዎችን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። ታብሌትን ሙሉ በሙሉ ከመሰረዝ በፊት የጉግል አካውንቱን ስምና የምሥጢር ቁጥር በእርግጠኝነት ማወቅ ያስፈልጋል። የስርቆት መከላከያ ስላለው የስክሪኑ ቁልፍ ተረስቶ በግዳጅ የተሰረዘ ታብሌት ቀድሞ የነበረውን አካውንት ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ አይከፈትም። አካውንቱን በሌላ ሰው አስከፍተው የተቀበሉ ተጠቃሚዎች የምሥጢር ቁጥሩን ዛሬውኑ ሊረከቡና በራሳቸው ሊቀይሩ ይገባል።

የሌላውን ሰው ምሥጢር መጠበቅ

ቅጂ በበዛ ቁጥር ምሥጢር የሚወጣበት በርም ይበዛል። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታብሌት ውስጥ ያለው መረጃ የሠራተኛዋ ሳይሆን የቤተሰቦቹ ነው። ስለሆነም የመንግሥት ታብሌት በግል ፍላሽ ወይም በጥገና ሱቅ ኮምፒውተር ላይ አይቀዳም፤ የወረዳው ባለሙያ በሚሰጠው መመሪያ ይያዛል እንጂ። የግል ታብሌትም ለጥገና ሲሰጥ ባለቤቱ አስቀድሞ ራሱ ቢቀዳ ይመረጣል። ቅጂው ያለበት ፍላሽ ከታብሌቱ ጋር በአንድ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም። የቴሌብርም ሆነ የባንክ የምሥጢር ቁጥር በምንም ዓይነት ማስታወሻ ውስጥ አይጻፍም።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ

በመረጃ ጥበቃ ዓለም የታወቀ አንድ ቀላል ሕግ አለ። ዋናውን ጨምሮ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ቦታ ይሁን ይላል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ማለት ዋናው በታብሌት፣ ሁለተኛው በቤት ባለ ፍላሽ፣ ሦስተኛው ከተማ በሚኖር ልጅ ኮምፒውተር ወይም በጉግል አካውንት ላይ ማለት ነው።

ሐሳቡ ለጣና አካባቢ ባዳ አይደለም። የሐይቁ ደሴት ገዳማት በጦርነት ዘመን ከሌላ አካባቢ የመጡ መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ሸሽገው አቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን በፊልም ቀርጾ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት እንዲቀመጥ አድርጓል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ነው። ዘር የሚያስቀምጥ አርሶ አደርም ቢሆን የከርሞ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎታ አያኖርም።

መቼ ይቀዳ?

በመስክ መረጃ የሚሰበስብ ሠራተኛ በየሳምንቱ፣ ሌላው ተጠቃሚ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ቢቀዳ በቂ ነው። ቀኑን ከሚታወስ ነገር ጋር ማያያዝ ይረዳል፤ የገበያ ቀን፣ የወር መባቻ ወይም የቁጠባ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት ዕለት ሊሆን ይችላል። ከክረምት በፊት፣ ከረጅም ጉዞ በፊት፣ ከጥገና በፊት፣ እንዲሁም አዲስ የአንድሮይድ ሥሪት ከመጫኑ በፊት ደግሞ ተጨማሪ ቅጂ መያዝ ይገባል።

ታብሌቱ ውኃ ውስጥ ከወደቀ ወዲያውኑ ይጥፋ፤ ቻርጀር አይሰካበት፤ ወደ ጥገና ባለሙያ ይወሰድ። ባለሙያው መሣሪያውን ማዳን ቢሳነው እንኳ ባለፈው የገበያ ቀን የተቀዳው ፍላሽ በቤት ካለ፣ የጠፋው የአንድ ሳምንት መረጃ ብቻ ይሆናል።