ኦቶማቲክ ካምቢዮና የሊማሊሞ ቁልቁለት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፥ ብርድ የማይለያት የደጋ ከተማ ናት። ከከተማይቱ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ግን ምድሩ በድንገት ያልቅና የሊማሊሞ ገደል ከእግር ሥር ይከፈታል። ጣሊያኖች አገራችንን በያዙባቸው ዓመታት በዚህ ገደል ላይ የመኪና መንገድ ቀደዱ፤ በአጠገቡ በወልቀፊት የመሸገው ጦራቸውም መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ ይህን በር ይዞ ነበር። ጦሩ ሄደ፤ ቁልቁለቱ ግን እንዳለ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ዛሪማ ቆላ ይደርሳል።

እንዲህ ባለ አገር የመኪና ካምቢዮ የቅንጦት ወሬ አይደለም። በራስ ደጀን ግርጌ ባለችው በአምቢኮ ዙሪያ የሚጓዝ ባለበቅሎ፥ ቁልቁለቱ ሲጠና ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ባለመኪና ግን መውረድ አይችልም፤ እሱን የሚይዘው ፍሬኑና ማርሹ ብቻ ነው። ቀድሞ በዚህ መንገድ የሚመላለሱት ሁሉ ማርሻቸውን በእጃቸው የሚቀይሩ ነበሩ። ዛሬ ግን አስተማሪውም፥ የጤና ባለሙያውም፥ ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሹምም ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ያገለገለ የጃፓን መኪና ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ፍሪሲዮን የማይረገጥባቸው፥ ማርሻቸውን በራሳቸው የሚቀይሩ ኦቶማቲክ ናቸው።

ባለቤቱ ይህን ካምቢዮ እንደ ታሸገ ሣጥን ያየዋል። በተበላሸም ጊዜ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «አውጥተህ ጣለውና ሌላ ያገለገለ ግዛ» ይሉታል። የሚገዛው ካምቢዮ ግን ታሪኩ የማይታወቅ ነው፤ ዋጋውም የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። ይልቁንም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ ማኖር ብልህነት ብቻ ሳይሆን ግድ ሆኗል። ታዲያ ትዕግሥትና ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ይህን ሣጥን በግቢው ከፍቶ ሊያድሰው ይችላልን? ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ምን እንደሚገድለው ሊያውቅ ይገባል።

የዚህ ብልሃት ሥር ከመርከብ ይጀምራል። ኸርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. የመርከብን ሞተር ኃይል በፈሳሽ አማካይነት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ፈለሰፈ። በ1939 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሃይድራማቲክ» የሚለውን ኦቶማቲክ ካምቢዮ ለኦልድስሞቢል መኪና አቀረበ። ይኸው ካምቢዮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ቀላል ታንኮች ውስጥ ገብቶ አገልግሏል።

አሠራሩን ለመረዳት ሁለት ቬንቲላተሮችን ፊት ለፊት ማቆም ይበቃል። አንዱን በኤሌክትሪክ ቢያዞሩት ነፋሱ ሁለተኛውን ያዞረዋል። በመኪናው ውስጥ በነፋስ ፈንታ ዘይት አለ፤ ይህም ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ነው። ከእርሱ ኋላ፥ መካከለኛይቱ ጥርስ ፀሐይ፥ በዙሪያዋ የሚዞሩት ፕላኔት፥ ሁሉን የሚከበው ቀለበት ተብለው የተሰየሙ ጥርሶች አሉ። አንዱን አንቆ ሌላውን በመልቀቅ ልዩ ልዩ ማርሽ ይገኛል። ይህን የማነቅ ሥራ የሚሠሩት ወረቀት በመሰለ ሸራ የተለበጡ ቀጫጭን ዲስኮች ናቸው፤ በየመካከላቸው የብረት ዲስክ ይገባል፥ ዘይቱም በፒስተን እየገፋ ያጣብቃቸዋል። የትኛው መቼ እንዲያዝ የሚያዘው የቫልቭ ቤት ነው፤ ውስጡ እንደ ጉንዳን ጎሬ የተወሳሰበ የዘይት መተላለፊያ ነው።

እንግዲህ ገዳዩ ሙቀት ነው። መኪናው ዳገት በዝግታ ሲወጣ ሁለቱ የዘይት ቬንቲላተሮች እኩል አይዞሩም፤ ልዩነቱ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይጠቁራል፥ የመንሸራተት መከላከያነቱንም ያጣል፤ ሸራው ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተ ሸራ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይወልዳል። የደጋው አየርም አይረዳም። በደባርቅ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፥ ነጂው ነዳጅ አብዝቶ ይረግጣል፥ ራዲያተሩንም የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ደካማ ነው። ተማሪዎች በትምህርት ቤት የተማሩትን ቢያስታውሱ፥ ክዳን በሌለው ድስት ውኃ በዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው።

ቁልቁለቱስ? 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፥ ከ40 ሊትር የሚበልጥ ውኃ ከ10 ዲግሪ እስከ 90 ዲግሪ ሊያሞቅ ይበቃል። ይህ ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ቢወድቅ የፍሬኑ ዘይት እስከ መፍላት ይደርስና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ኃይሉን ሞተሩም ሊካፈለው ይገባል። (የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ ነገር ዕድለኛ ነው፤ ሲወርድ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል፥ ይህን ሁሉ የሚያነቅና የሚለቅ ካምቢዮም የለውም።)

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ። ከሁሉ በፊት የካምቢዮውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በብዙ የኮሮላ መኪናዎች ያለው ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ ከላይ የተገለጠው ዓይነት ነው። ከቪትዞች መካከል ግን በብረት ቀበቶና በሁለት ጎማ መሳይ መዘውር የሚሠራ፥ ጨርሶ ማርሽ የሌለው አለ። ይህን ሁለተኛውን በቤት መክፈት አልመክርም፤ ዘይቱም ሌላ ነው፥ የአንዱ በሌላው ሊተካ አይገባም።

ካምቢዮውን ሳያወርዱ ዘይቱን ማሽተት ይገባል። የተቃጠለ ሽታና ጥቁር መልክ ሸራው ማለቁን ይናገራል። ኮፓ የሚባለው የዘይት ገንዳ ሲወርድ በማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ልቁጥ የወትሮ ነገር ነው፤ የብረት ስንጣሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቀይ ከመሰለ ደግሞ፥ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው የዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውኃ ገብቶበታል። ውኃ የሸራውን ማጣበቂያ ያላቅቃል። ራዲያተርን በምንጭ ውኃ ብቻ እየሞሉ ለዓመታት መንዳት ብረቱን ያዝገዋልና ይህ ብልሽት ሊያስደንቅ አይገባም።

በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው፤ ጠንካራ ማቆሚያ በአራቱም በኩል መቆም አለበት። ካምቢዮው ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል አንድ ሰው ብቻውን ሊያወርደው አይሞክር። ከተከፈተ በኋላ የሚያስፈልገው ከጉልበት ይልቅ ሥርዓት ነው፤ ንጹሕ ጠረጴዛ፥ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ መደርደርና በየደረጃው ፎቶግራፍ ማንሣት። በቫልቭ ቤቱ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የብረት ኳሶች አንዷ እንኳ ከጉድጓዷ ብትሳሳት ማርሽ ይጠፋል። ክፍሎቹ በቡትቶ ወይም በጥጥ መጠረግ የለባቸውም፤ የሚቀረው ክር የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ጓርኒሲዮኑና ጎሚኒው ሁሉ አዲስ ይሆናል። ጎሚኒውን በቦታው ለማቆየት ቫዝሊን ይጠቅማል፥ በዘይቱ ውስጥ ይሟሟልና፤ ግሪስ ግን አይሟሟም፥ ይደፍናል። አዲሶቹ ባለሸራ ዲስኮች ከመግባታቸው በፊት በካምቢዮው ዘይት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይዘፈቃሉ። ከገቡ በኋላ በዲስኮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ፋብሪካው በወሰነው ልክ መሆኑ ይለካል፤ ይህን መጽሐፍ ሳይዙ መገመት አይቻልም።

ቶርክ ኮንቨርተሩ በብየዳ የተዘጋ ስለሆነ በቤት አይታጠብም። ካምቢዮው ስንጣሪ ካወጣ ኮንቨርተሩም መለወጥ አለበት፤ ያለዚያ የተሰበሰበው ቆሻሻ አዲሱን ሥራ በሳምንት ውስጥ ያበላሸዋል። የማቀዝቀዣው ቧንቧም እንዲሁ ይታጠባል። ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጠባብ በር ግን ይህች ናት፤ ኮንቨርተሩ በፖምፓው ጥርስ ላይ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ካምቢዮውን በሞተሩ ላይ አስጠግቶ ቡሎን ማጥበቅ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ፖምፓው ይሰበራል፤ ሁለት ሳምንት የፈጀ ሥራ በአንድ ሰዓት ይጠፋል። ካምቢዮውና ሞተሩ በእጅ ግፊት ካልገጠሙ ቡሎን እንዲያቀራርባቸው መጠበቅ አይገባም።

ስለ ማሻሻል የተጠየቅን እንደሆነ፥ በውጭ አገር ያሉ አፍቃሪዎች ተጨማሪ ዲስክ ይጨምራሉ፥ ማርሹ ፈጥኖ እንዲጨብጥ የቫልቭ ቤቱን ሞላ ይለውጣሉ። ለውድድር መኪና መልካም ነው። ለሰሜን ተራራ ግን መጀመሪያ የሚገባው በራዲያተሩ ፊት የሚተከል ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ነው። ከሌላው ማሻሻያ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ጥቂት ነው፥ ገዳዩንም ከምንጩ ይዋጋል። መሐንዲሶች በልምድ እንደሚገምቱት ዘይቱ ከ80 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በሞቀ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ከዚህ ቀጥሎ ዘይቱን በጊዜው መለወጥ ነው፤ ሌላውን ገንዘብ የተረፈው ያስብበት።

የታደሰ ካምቢዮም በአነዳድ ይጠፋል። ዳገት ላይ ማርሹ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ዘንጉን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አውርዶ እዚያው ማቆየት ይሻላል። ሊማሊሞን ለመውረድም ከገደሉ አፍ ላይ ሳይደርሱ ዘንጉን ከዲ ወደ ሁለት፥ ቢጠና ወደ ኤል መመለስ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ አሉ፤ እነዚህ የሞተሩን እገዛ ጥለው ሙሉውን ክብደት ለፍሬን ይሰጣሉ። ሞተሩን ካጠፉ ደግሞ ጥፋቱ እጥፍ ነው፤ የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፖምፓ የሚዞረው በሞተሩ ነውና፥ ሞተሩ ሲቆም ጥርሶቹ ያለ ዘይት ይዞራሉ።

በዚሁ ምክንያት በሊማሊሞ ላይ የቆመ ኦቶማቲክ መኪና በአንድ አይሱዙ ኋላ በገመድ ታስሮ እስከ ጎንደር ሊጎተት አይገባም፤ በብዙ ገንዘብ የታደሰው ካምቢዮ ገና ዳባት ሳይደርስ ይነዳል። የፊት ጎማዎቹ የሚነዱት ከሆነ ፊቱን ከመሬት አንሥቶ መጎተት፥ የተሻለው ግን መኪናውን በሙሉ በጭነት መኪና ላይ መጫን ነው።