ሃይድሮጅንን ያለ ብረት መሰንጠቅ

ሃይድሮጅንን መሰንጠቅ የብረት ሥራ ነው ተብሎ ነበር የኖረው። ሁለቱን አተሞች ያያያዘውን ትስስር ለመበጠስ በአንድ ሞል 436 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህም ኬሚስቶች የምግብ ዘይት ሲያረጉም መድኃኒት ሲቀምሙም ኒኬል፣ ፓላዲየም ወይም ፕላቲነም ከእጃቸው አይለይም። በ2006 ግን ካናዳ፣ ዊንድሶር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዳግላስ ስቴፋን ቡድን ያንኑ ሥራ በፎስፈረስና በቦሮን ሠራው። እኔን እስካሁን ይደንቀኛል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊልበርት ሉዊስ በ1923 እንዳስቀመጠው፣ ጥንድ ኤሌክትሮን የሚሰጠው ቤዝ፣ የሚቀበለው ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣመራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር የመንካት ፍላጎታቸው ይበርዳል። ሁለቱም ግዙፍ የአተም ቡድኖች ከተሸከሙስ? ትከሻቸው ላይ ትልቅ የጭድ ሸክም ያለባቸው ሁለት ሰዎች በትከሻ ሰላም እንባባል ቢሉ ሸክማቸው እንደሚከለክላቸው፣ እነዚህም ይፈላለጋሉ እንጂ አይደራረሱም። ኬሚስቱ ኸርበርት ብራውን በ1942 ሉቲዲን የተባለው ቤዝና ትራይሜቲልቦሮን የተባለው አሲድ አንጣመርም ሲሉ አይቷል። ይህ አለመጣመር ምን ሊያስችል እንደሚችል እስኪታወቅ ግን አሥርት ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ ትንሿ ሃይድሮጅን በመካከላቸው ባለው ክፍተት ትገባለች። ቤዙ ፎስፈረስ ከአንድ በኩል ኤሌክትሮን ይገፋባታል፣ አሲዱ ቦሮን ከሌላው በኩል ይስባታል፤ ትስስሯ ይላላና ለሁለት ትከፈላለች። ፕሮቶኑ ወደ ፎስፈረስ፣ ኤሌክትሮኖቹን የያዘው ሃይድራይድ ወደ ቦሮን ይሄዳል። ፎስፈረስንና ቦሮንን አንድ ላይ የያዘው የስቴፋን ሞለኪውል ሃይድሮጅኑን በተራ የክፍል ሙቀት ይዞ፣ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ መልሶ ለቀቀው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ መልቀቁ ነው፤ የያዘውን የማይለቅ ነገር ካታሊስት መሆን አይችልምና።

በ2007 ደግሞ ይኸው ቡድን እነዚህን የማይጣመሩ የአሲድና የቤዝ ጥንዶች፣ ማለትም «የተገቱ የሉዊስ ጥንዶች» የሚባሉትን፣ ካታሊስት አድርጎ ሃይድሮጅን በመጨመር ኢሚኖችን ወደ አሚን ለወጠ። አሚን በብዙ መድኃኒቶች ውስጥ አለ፣ ጥቅሙ ከዚህ ይጀምራል። በ2014 የኬቶኖችም ተራ ደረሰ፤ እዚያ ላይ የሚያምረው፣ ማሟሚያው ኢተር ራሱ የቤዙን ሥራ መሥራቱ ነው። ጥንዶቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መያዝ እንደሚችሉም በ2009 ታይቷል።

ትልቁ ጠላታቸው ውሃ ነው። ኤሌክትሮን የራበው ቦሮን ውሃ ባገኘ ቁጥር ይጣበቅበታል፣ ለሃይድሮጅን የሚሆን ቦታም አይተርፈውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ውሃን እየቻሉ ሃይድሮጅንን የሚሰነጥቁ ጥንዶችን መሥራት ይዘዋል።