የታዳጊዎች የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት በላሊበላና በድሃ የከተማ ሰፈሮች

የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት ስለ ጉርምስና ለውጥ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝናና መከላከያው፣ ስለ አባላዘር በሽታዎች እንዲሁም ከጾታዊ ጥቃት ራስን ስለ መጠበቅ ያስተምራል። በኢትዮጵያ ለታዳጊዎች በአብዛኛው የሚደርሰው በትምህርት ቤት በኩል ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤት ውጭ ናቸው።

ላሊበላን በመሰሉ ከተሞች ትምህርቱ የሚያስፈልጋቸው ታዳጊዎች የተለያዩ ናቸው። በላሊበላ ዙሪያ ካሉት የላስታ ገጠር ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጡት ቤት ተከራይተው፣ ከቤተሰብ በሚላክ ስንቅ፣ ያለ አሳዳጊ ይኖራሉ። ከጋብቻ የሸሹ ወይም የተፋቱ ልጃገረዶች በቤት ሠራተኛነትና በጠላ ቤት ይቀጠራሉ፤ ወንዶቹ ጫማ ይጠርጋሉ፣ ቱሪስት ይከተላሉ። የኮሮና ወረርሽኝና ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ላሊበላን የነካው ጦርነት የቱሪስቱን ገቢ ሲያቋርጡ ኑሯቸው ይበልጥ ከፋ።

ከችግሩ ሥር ያለዕድሜ ጋብቻ አለ። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ ላሊበላ በምትገኝበት በአማራ ክልል ዕድሜው ከዚህም ያንሳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርገዋል።

በትምህርት ቤት ጉዳዩ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ፣ በፀረ ኤድስና በሴቶች ክበባት፣ በሚኒ ሚዲያም ይነሳል። ያም ሆኖ በዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት መካከል ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ሴቶች 24፣ ወንዶች 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቤት ውስጥ ወላጅና ልጅ ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር ነውር ነው። በጤና ጣቢያ ደግሞ ነርሷ ጎረቤት ወይም ዘመድ ልትሆን ስለምትችል፣ ወሬው እናት ጆሮ እንዳይደርስ የምትሰጋ ልጅ መከላከያ ከመጠየቅ ትቀራለች። የንስሐ አባት በቤተሰቡ ያለው ተሰሚነትም ትልቅ ነው፤ በመሆኑም ቀሳውስት ያልተሳተፉበት ትምህርት ከወላጆች ተቃውሞ ሊገጥመው ይችላል።

ትምህርቱን ከክፍል ውጭ ለማድረስ የተለያዩ መንገዶች ተሞክረዋል። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ለወጣቶች ክሊኒኮችንና ማዕከላትን ከፍቷል፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ያስተምራሉ። በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለ መርሐ ግብር ከየሰፈሩ የተመረጡ ሴት አማካሪዎችን በር እያንኳኩ ልጃገረዶችን እንዲመዘግቡ አሰማርቷል፤ አማካሪዎቹ የቤት ሠራተኞች ለመሳተፍ ፈቃድ እንዲያገኙ ከአሠሪዎች ጋር ይደራደሩ ነበር።

በአማራ ክልል ገጠር ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» ደግሞ ከትምህርቱ ጋር የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጥ፣ ማኅበረሰቡንም ያወያይ ነበር፤ መርሐ ግብሩን ላጠናቀቀች ያላገባች ልጅ ቤተሰብ የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የማግባት ዕድላቸው በእጅጉ ቀነሰ፤ ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ጋብቻው አልቀነሰም። የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚነት ግን ጨምሯል። ከዚህ በመነሳት ጋብቻን ለማዘግየት የታሰበ ትምህርት ከ15 ዓመት በፊት መጀመርና የቤተሰቡንም ድህነት ማቃለል ይኖርበታል፤ ላገቡትና በቤት ሠራተኛነትና በጠላ ቤት ለሚሠሩት ደግሞ መከላከያና ምስጢር የሚጠብቅ ሕክምና ይቀድማል።