የሳነቴ ቀይ ቀበሮ

ዛሬ የምናወራው ስለ ቀይ ቀበሮ ነው።

ከጎባ ወደ ዶሎ መና ሲወጣ የሳነቴ ሜዳ አለ። ቦታው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ከፍታው 4000 ሜትር ያህል ነው። ሼክ ሁሴን ቆላ ያላችሁ አድማጮች ብርዱን አትችሉትም! ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጅብራ ብቻ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል።

ሜዳው ባዶ ይመስላል። ከሥሩ ግን አይጥና ፍልፈል ሞልቶታል። የባሌው ትልቅ ፍልፈል አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከባሌ በቀር የትም የለም። ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ አጠገቡ ያለውን ሣር ነጭቶ ይመለሳል። ቀበሮው ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ይህንን ይጠብቃል። ኑሮው በመንጋ ነው፤ አደኑ ግን ለየብቻ።

በኦሮምኛ “ጄዳላ ፈርዳ” ይባላል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ፈረስ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ይከተላል ይላሉ።

ታዲያ ጠላቱ ማነው? ውሻ ነው። ማለቴ ያልተከተበ ውሻ። ከብት ተከትሎ ሜዳው ላይ ይወጣል። ካበደ ቀበሮውን ይነክሳል። የተነከሰው ቀበሮ ደግሞ በሽታውን ለመንጋው ያስተላልፋል። በ1995 መጨረሻና በ1996 ዓ.ም. በወይብ ሸለቆ እንዲህ ሆነ። በሽታው በገባበት ሥፍራ ከአራት ቀበሮ ሦስቱ ያህል አለቀ። በዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው።

ይኸው በሽታ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ አያድንም። ከታቢዎች ሲመጡ ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።