ከኩላሊት ጠጠር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሽንት ማፍሰሻ ቱቦ አያያዝ

በጀርባ ቆዳ ላይ በሚከፈት ጠባብ ቀዳዳ የኩላሊት ጠጠርን የማውጣት ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1976 ከስዊድን ከተዘገበ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም የሕመምተኛው ማገገም በአብዛኛው የሚወሰነው ሽንቱ ከኩላሊት ያለ እክል በመውረዱ ነው።

ለዚህም የሚያገለግሉት በጀርባ በኩል የሚወጣው የኔፍሮስቶሚ ቱቦና ከኩላሊት እስከ ፊኛ በውስጥ የሚዘረጋው ስቴንት ናቸው። ብዙ ደም መፍሰስ፣ መግል ወይም ገና የሚወጣ ጠጠር ካለ የኔፍሮስቶሚ ቱቦ ይመረጣል። እነዚህ በሌሉበት ስቴንት ብቻ መተው ሕመምን ይቀንሳል፤ የሆስፒታል ቆይታንም ያሳጥራል።

በቱቦው የሚወርደው ሽንት ከቀነሰ በቅድሚያ ቱቦው አለመታጠፉን፣ ከረጢቱም ከኩላሊት በታች መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ቱቦው በረጋ ደም ከተደፈነ በሐኪም ትእዛዝ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ከጀርም የጸዳ ሳላይን በዝግታ ይገባበታል። በኃይል መግፋት ግን ጀርሞችን ወደ ደም ሊያሻግር ስለሚችል ክልክል ነው። ትኩሳትና የሽንት መዘጋት በአንድነት ከታዩ ለነገ የማይባል አደጋ በመሆኑ ሐኪም ወዲያውኑ ሊጠራ ይገባል።

ቱቦው ከወጣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላም ከተጎዳ የደም ሥር ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ሕመምተኛው ሽንቱ ደም ከመሰለ ፈጥኖ እንዲመለስ ሊነገረው ያስፈልጋል።

ስቴንት ከተረሳ ራሱ ጠጠር ይለብሳል፤ ሳይታወቅም ኩላሊትን ሊያጠፋ ይችላል። ሕመሙ የተሻለው ሰው ወደ ሩቅ ቀዬው ከሄደ በኋላ ማስታወስ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ስቴንቱ የሚወጣበት ቀን በመሰናበቻ ወረቀቱና በክፍሉ መዝገብ ላይ ሳይጻፍ፣ ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡም ሳይነገር ማሰናበት አይገባም።