የአንድ እጅ የቁልፍ ሰሌዳ ለኮምፒዩተር ጨዋታ

በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ በዋናው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ቤት ውስጥ ያሉትን የቁልፍ ሰሌዳዎች ወይም ኪቦርዶች ቀረብ ብለን ተመልክተን ነበር። ከመቶ በላይ ከሆኑት ቁልፎች መካከል ጽሑፋቸው ፈጽሞ የጠፋው አራቱ ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ደብሊዩ፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲ ናቸው። ረዥሙ የክፍተት ቁልፍም የግራ እጅ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ተፍቆ ያብረቀርቃል። በቀኝ በኩል ያሉት ቁልፎች ግን አቧራ ለብሰዋል። ተጫዋቹ ቀኝ እጁን በማውዝ ላይ፣ ግራ እጁን በነዚህ ጥቂት ቁልፎች ላይ አድርጎ ሰዓታት ያሳልፋል፤ ከሰሌዳው አብዛኛው ክፍል ለእርሱ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። ግራ እጅ ብቻውን እንዲሠራበት ታስቦ የተዘጋጀ ትንሽ ሰሌዳ በዓለም ገበያ ላይ ከዋለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ መሣሪያ ምን እንደሚለውጥና ምን እንደማይለውጥ እንመልከት።

አንባቢ በአቅራቢያው ያለውን ኪቦርድ ቢያስተውል፣ የቁልፎቹ ረድፎች አንዱ በሌላው ላይ ቀጥ ብለው እንዳልተደረደሩ ያያል። ደብሊዩ ከኤስ በላይ ብትሆንም ወደ ግራ ፈቀቅ ብላለች። ይህ የጽሕፈት መኪና ውርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ክሪስቶፈር ሾልስና ባልደረቦቹ የፈጠራ መብት ባስመዘገቡበት፣ ከ1874 ጀምሮም የሬሚንግተን ኩባንያ ለገበያ ባቀረበው መኪና ዘመን እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የብረት ዘንግ ነበረው። ዘንጎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ቁልፎቹ መዛነፍ ነበረባቸው። ዛሬ ዘንጉ የለም፤ መዛነፉ ግን ቀርቷል። የሰው ጣት የሚታጠፈውና የሚዘረጋው ደግሞ በቀጥታ መስመር ነው። በተለይ ትንሿ ጣት በሰሌዳው ጥግ ያሉትን የሺፍትና የኮንትሮል ቁልፎች ለመድረስ ስትሞክር የእጅ አንጓ ወደ ውጭ ይጣመማል። ይህ ለደቂቃዎች ቢሆን አያስጨንቅም፤ በየቀኑ ለሰዓታት ሲደጋገም ግን ጅማቶችን ያሳምማል።

የአንድ እጅ ሰሌዳ ቁልፎቹ በአብዛኛው ሃያ ገደማ ናቸው። ቀጥ ባሉ ዓምዶች ይደረደራሉ፤ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ አለው፤ በመደበኛው ሰሌዳ ላይ ከአንድ ረዥም ቁልፍ በቀር ሥራ ያልነበረው አውራ ጣትም የራሱን ቁልፎችና ብዙ ጊዜም በየአቅጣጫው የሚገፋ ትንሽ መዘውር ያገኛል። ቤልኪን የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኖስትሮሞ፣ ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበውና በኋላ ማምረቱን ያቆመው ጂ13፣ እንዲሁም የሬዘር ታርታረስ የታወቁት ናቸው። ክራር ሲመታ ያየ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል። የክራር ተጫዋች የግራ እጅ ጣቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክር አላቸው፤ ተጫዋቹም ክሩን በዓይኑ አይፈልግም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ማውዝን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ በግራ እጁ አምስት ቁልፎች ብቻ ያሉትን ሰሌዳ ይዞ ነበር። ቁልፎቹ እንደ ሙዚቃ ኅብር በአንድነት ይጫናሉ፤ አምስት ቁልፎች 31 ልዩ ልዩ ጥምረቶችን ይሰጣሉ። ማውዙ ዓለምን ሲያዳርስ የአምስት ቁልፉ ሰሌዳ ግን ተረሳ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል፤ ማውዝን ለመልመድ ደቂቃዎች ይበቃሉ፣ 31 ጥምረቶችን በቃል መያዝ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በጨዋታው ዓለምም ቢሆን አራቱ ፊደላት ከመጀመሪያው የተመረጡ አልነበሩም፤ ብዙዎች በቀስት ቁልፎች ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በኩዌክ ውድድር አሸንፎ የፌራሪ መኪና የተሸለመው ዴኒስ ፎንግ አራቱን ፊደላት ይጠቀም ስለነበር ሌሎችም ተከተሉት።

ትንሹ ሰሌዳ ተጫዋቹን ፈጣን ያደርገዋልን? ይህን ለመመለስ ማስመሪያ ብቻ ይበቃል። ጓደኛዎ ማስመሪያውን ቁልቁል አንጠልጥሎ ሳይነግርዎት ይልቀቀው፤ እርስዎም በግራ እጅዎ ጣቶች ይያዙት። ማስመሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ከወደቀ፣ በወደቀበት ርቀትና በስበት ፍጥንጥነት ስሌት መሠረት 0.2 ሰከንድ ገደማ አልፏል ማለት ነው። ይህ ዓይን አይቶ፣ አንጎል ወስኖ፣ ጣት እስኪታዘዝ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ማንኛውም ሰሌዳ አያሳጥረውም። የአንድ እጅ ሰሌዳ የሚቀንሰው ጣት ቁልፍ ስቶ የሚያጠፋውን ጊዜና የአንጓውን ድካም ነው። በአንጻሩ ለረዥም ጊዜ የለመዱትን መርሳት ስለሚጠይቅ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንፈት የሚበዛባቸው ናቸው።

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ያለ ተማሪ ይህን መሣሪያ በቀላሉ አያገኝም። ነገር ግን ለሒሳብ ሠራተኞች የሚሸጠው፣ በዩኤስቢ የሚገናኘው ትንሹ የቁጥር ሰሌዳ በግራ በኩል ቢቀመጥ የተቀራረበ አገልግሎት ይሰጣል። ቁልፎቹ ቀጥ ባሉ ዓምዶች የተደረደሩ ናቸው። የቀለበት ጣት በ4፣ የመሐል ጣት በ5፣ ጠቋሚ ጣት በ6 ላይ ሲያርፉ ረዥሙ የኢንተር ቁልፍ ለአውራ ጣት ይቀርባል። ትንሿ ጣት ግን ሥራ ታጣለች። የየቁልፉን ተግባር በጨዋታው ማስተካከያ ገጽ ውስጥ መቀየር ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ላይ የነም ሎክ መብራት በርቶ ሳለ ሺፍት ከተጫነ ቁጥሮቹ ለጊዜው ወደ ቀስት ቁልፍነት ይለወጣሉ፤ ስለዚህ ሺፍትን ለሩጫ የለመደ ሰው ሌላ ቁልፍ ይምረጥ።

የርካሽ ሰሌዳዎች ዋና ችግር ግን ሌላ ነው። ለመቶ ቁልፎች መቶ ሽቦ አይዘረጋም፤ 8 አግድምና 16 ቁልቁል መስመሮች 128 መገናኛዎችን ይሰጣሉ፣ ቁልፎቹም በመገናኛዎቹ ላይ ይቀመጣሉ። መራዊ አጠገብ ባለው በቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት እንዲያለማ የተዘረጋውን የመስኖ ቦይ ያየ አንባቢ የሚከተለውን በሐሳቡ ይሳል። ሁለት አግድም ቦዮች ሁለት ቁልቁል ቦዮችን ያቋርጣሉ፤ በአራቱም መገናኛዎች ላይ በር አለ፤ መሬቱም ሜዳ ነው። የውኃ አባቱ በመጀመሪያው አግድም ቦይ ውኃ ይለቅና በቁልቁል ቦዮቹ ጫፍ ላይ ይጠብቃል። ውኃ የደረሰበትን አይቶ የትኛው በር እንደተከፈተ ያውቃል። ሦስት በሮች ተከፍተው አራተኛው፣ ማለትም የመጀመሪያው አግድምና የሁለተኛው ቁልቁል መገናኛ፣ ቢዘጋስ? ውኃው በመጀመሪያው ቁልቁል ቦይ ወርዶ፣ ወደ ሁለተኛው አግድም ተመልሶ፣ ዞሮ ሁለተኛው ቁልቁል ቦይ ይደርሳል። የውኃ አባቱም የተዘጋውን በር ተከፍቷል ይላል። በሰሌዳ ላይ ይህ ያልተጫነ ቁልፍ እንደተጫነ መቆጠሩ ነው። ብዙ አምራቾች ይህን ለመከላከል ሲሉ አጠራጣሪውን ቁልፍ ጭራሽ እንዳይቆጠር ያደርጋሉ፤ ተጫዋቹም እየሮጠ ሳለ መዝለል ሲያቅተው ጣቱን ይወቅሳል። መፍትሔው በየቁልፉ ሥር ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ማኖር ነው።

ሌላም በአገራችን የሚያጋጥም ነገር አለ። ቁልፍ ለኮምፒዩተሩ የሚልከው ፊደል ሳይሆን የቦታ ቁጥር ነው፤ ፊደሉን የሚሰጠው ሶፍትዌሩ ነው። አንዳንድ ጨዋታዎች የቦታውን ቁጥር፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ፊደሉን ያነባሉ። የአማርኛ መጻፊያው እንደበራ ጨዋታ የጀመረ ተማሪ ደብሊዩን ሲጫን «ው» ይላክና ወታደሩ ከቆመበት አይነቃነቅም። ሰሌዳው ተበላሸ ከማለት በፊት የቋንቋውን ምርጫ ማየት ይበጃል።

እስካሁን የተናገርነው ሁለት እጅ ስላለው ተጫዋች ነው። አንድ እጁን ላጣ ወይም ለማይታዘዘው ሰው ግን ጉዳዩ የምቾት ጥያቄ አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአካል ጉዳተኞች ያቀረበው የጨዋታ መቆጣጠሪያ የተለያዩ ቁልፎችን በእግርም በክርንም ለመጠቀም እንዲቻል መሰኪያዎች አሉት። ጽሕፈትን በተመለከተ ወደ ኤንግልባርት አምስት ቁልፎች መመለስ ይቻላል። አማርኛ በኮምፒዩተር የሚጻፈው በአብዛኛው በሁለት ምት ነው፤ አስቀድሞ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው። ስለዚህ ለሁለተኛው ምት ጥቂት ጥምረቶች ይበቃሉ፤ ለመጀመሪያው ግን ለ33ቱ የፊደል ቤተሰቦች 33 ያስፈልጋሉ፣ ያሉትም 31 ናቸው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ወገኖች እዚህ ላይ ደስ ሊላቸው ይችላል። እኛ ግን ፊደል ከመቀነስ አንድ ቁልፍ መጨመር እንመርጣለን፤ ስድስት ቁልፎች 63 ጥምረቶችን ይሰጣሉና፣ ለሥርዓተ ነጥቡም ቦታ ይተርፋል።